ቀን ውጭ፣ ማታ ቤት፦ የአበባ ችግኝ በደብረ ብርሃን ብርድ

ኅዳር 25

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። የምፈልገው ለፋሲካ የግቢያችን መግቢያ አበባ በአበባ እንዲሆን ነው። ፔቱኒያ፣ ማሪጎልድና ዚኒያ። ዘሩን ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ።

ችግሩ ያለነው ደብረ ብርሃን መሆኑ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ደመና የለ፣ ነፋስ የለ፤ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ ያድራል። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። የደረሰ ባቄላ የሚያሳርር ውርጭ ደግሞ ለዚኒያ ቡቃያ አይራራም። ስለዚህ እዚህ ከተማ አበባ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ችግኙን ቤት ያስገባዋል።

ያስገባውና ሳሎን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ችግኙ ይቀጥናል፣ ይመዘዛል፣ ወደ መስኮቱ ይጋደማል። አንድ ቀን ውሃ ሲጠጣ እዚያው ይተኛል። ከዚያ "ብርዱ ገደለብኝ" ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቤት የገባ ችግኝ ከብርድ አምልጧል። ያጣው ብርሃን ነው። ዘንድሮ ይህንን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላየው ነው።

ሁለት ረጃጅም የኤልኢዲ መብራቶች ይዤ ስገባ አከራያችን እማማ አዩኝ።

"ደግሞ ይሄ ለየትኛው ክፍል ነው?"

"ለአበባ ነው እማማ።"

"ወይ ጉድ! ልጆቼ በኩራዝ አጥንተው ነው ያደጉት፤ ለአበባ መብራት! ቆጣሪው የጋራ መሆኑን እንዳትረሳ ልጄ።"

ልክ ናቸው፣ ቆጣሪው የጋራ ነው። ቁጭ ብለን አሰላነው። እያንዳንዱ መብራት 18 ዋት ነው፤ ሁለቱ 36። በቀን 16 ሰዓት ቢበሩ ከ0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ ያንሳል፤ በወር ወደ 17 ይጠጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። እማማ አንድ ሰዓት እንጀራ የሚጋግሩበት ለእኔ መብራቶች አምስት ቀን ይበቃል። ይህን ስነግራቸው "እንጀራው ይበላል" አሉና ሄዱ።

ኅዳር 27

ዛሬ የዘራሁት ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ብርሃን ስለካ ዋልኩ። ስልክ ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ አፕ አለ፤ በሉክስ ነው የሚያሳየው። የስልክ መለኪያ የባለሙያ መሣሪያን ያህል አይታመንም። አንዱን ቦታ ከሌላው ለማወዳደር ግን ከበቂ በላይ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ግቢው መሀል ስልኩ 100,000 አካባቢ አለ። በደቡቡ የሳሎን መስኮት ደፍ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ ስታርፍበት ከግማሹ ትንሽ ከፍ ይላል። ፀሐይዋ ዞር ስትል እዚያው ደፉ ላይ ወደ 3,000 ወረደ። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ስል 800። ቴሌቪዥኑ ጎን ያለው መደርደሪያ ላይ 150።

ይሄ መደርደሪያ እንግዲህ ሰው ሁሉ ችግኝ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ዓይን ይሸውዳል። ጨለማ ሲሆን ዓይናችን ይከፈታል፣ ብርሃን ሲበዛ ይጠባል፤ ለኛ 150ውም "ቤቱ ብርሃን ነው" ነው። ጋዜጣ ይነበብበታል። ተክል ግን እንዲህ ያለ ማስተካከያ የለውም። የደረሰውን ብርሃን ነው የሚበላው። 150 ላይ ያለ ማሪጎልድ ይራባል።

የመስኮቱ አቅጣጫም ወሳኝ ነው፤ እሱ ደግሞ ከወር ወር ይቀያየራል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ 57 ዲግሪ ገደማ ነው የምትወጣው፤ ስለዚህ የደቡብ መስኮት ውስጥ ገብታ ታርፋለች። በምሥራቅ፣ ወደ አንኮበር በኩል የሚያየው የመኝታ ቤት መስኮት ጠዋት ብቻ ነው የሚያገኛት። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አናታችን ላይ ትደርሳለች። ከዚያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ነው የምትውለው። አሁን የሚያስደስተን የደቡብ መስኮት ያኔ ጥላ ይሆናል። ለመስቀል እንዲደርስለት በክረምት ችግኝ የሚያፈላ ሰው ይህን ይያዝልኝ።

ማታ መብራቶቹን ለካሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ከመደርደሪያ ሥር አንጠለጠልኳቸው። ከሥራቸው አሥር ሴንቲ ሜትር ላይ ስልኩ ወደ 9,000 አለ። አርባ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ2,000 ብዙም አይዘልም። ኮርኒስ ላይ ቢሰቀሉ ወለሉ ላይ የሚደርሰው ለሰው መተያያ ያህል ብቻ ነው። ክቡ አምፖል ደግሞ ይብሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ረጅሙ መብራት ብርሃኑን በርዝመቱ ላይ ስለሚያከፋፍለው፣ ቅርብ ሲሆን እንዲያ በአንዴ አይወድቅም። ሰፊ ሣህን ለማዳረስም ይመቻል። እኔም የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ሱቅ ውስጥ "ነጩ ይሻላል ቢጫው?" ተብዬ ነበር። ሁለቱም ያሳድጋል። እኔ ነጩን፣ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚለውን ወሰድኩ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው "የተክል መብራት" የሚባለውም አለ፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ለችግኝ ግዴታ አይደለም። ዋናው ነገር ቅርበትና የሰዓት ርዝመት ነው።

ታኅሣሥ 1

አፈር። የደብረ ብርሃን ዙሪያ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለሕፃን ሥር አይሆንም። ከባሕር ዛፉ አጥር ማዶ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ያነሳሁትን አፈር፣ የወንዝ አሸዋና የበግ ፍግ ደባለቅሁ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ከፍጉ ጥቂት። ፍግ እዚህ አገር በቀላሉ አይገኝም፤ ከብቱ የሚጥለው ሁሉ ኩበት ሆኖ እሳት ውስጥ ነው የሚገባው። ያገኘሁት የቆየ፣ ሽታው የጠፋ ነው። ትኩስ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል።

ከዚያ በወንፊት ነፋሁት። ለፔቱኒያው የሚሆነውን ደግሞ በጥሩ ወንፊት ደገምኩት። በመጨረሻ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበትና ሸፍኜ አሳደርኩት። ይህ፣ አፈር ውስጥ ያለውን ችግኝ የሚጥል ሻጋታ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋም። አፈርን በሙቀት ማከም ለዚህ ደጋ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበሬው የገብስ ማሳውን ጓል ከምሮ በኩበት ሲያጋይ ኖሯል፤ የሱ ዓላማ ሌላ ቢሆንም።

ሣህን አልገዛሁም። ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን በቁመቱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ሁለት ጥሩ ገበታ ይወጣዋል። ታቹን በጋለ ምስማር በሳሳሁት።

ታኅሣሥ 3

ተዘራ።

ማሪጎልድ ቀላል ነው። ዘሩ ረጅምና ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ገለባ የመሰለ ጭራ ያለው ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ይለብሳል። ዚኒያም እንደዚያው፤ ግን ሥሩ ሲነካካ ስለማይወድ ከጋዜጣ በጠቀለልኳቸው ትንንሽ ኩባያዎች ውስጥ ለየብቻ ዘራሁት። ኋላ ከነወረቀቱ ይተከላል።

ፔቱኒያ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ግራም ዘር ውስጥ ወደ 10,000 ፍሬ ይገባል። አቧራ ነው ማለት ይቻላል። ካስነጠሱ አለቀ። ወረቀት አጥፌ ዘሩን እጥፋቱ ላይ አፈሰስኩ። ከዚያ የስቲኪኒ ጫፍ በውሃ እያረጠብኩ አንድ አንድ ፍሬ እያነሳሁ አፈሩ ላይ አስቀመጥኩ። ዘሩ ጫፉ ላይ ተጣብቆ ይመጣል፤ እርጥቡን አፈር ሲነካ ይለቅቃል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ ይበትነው። አፈር ግን አይጫንበትም። የፔቱኒያ ዘር ለመብቀል ራሱ ብርሃን ይፈልጋል። ላዩን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኜ ወዲያው መብራቱ ሥር አደረግኩት። ፕላስቲኩ እርጥበት ይይዛል፤ ሙቀትም ትንሽ ይጨምራል።

ማሪጎልድና ዚኒያ እስኪበቅሉ ብርሃን አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ሙቀት ነው። 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል። የኛ ሳሎን ሌሊት እዚያ አይደርስም። ገበታዎቹን ወጥ ቤት ማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ ከኋላ ሙቀት በሚወጣበት በኩል አስቀመጥኳቸው። ጠዋትና ማታ ማየት ግዴታ ነው። ምክንያቱን ሲበቅሉ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 9

ማሪጎልዱ ወጣ። ትናንት ማታ አፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አንገቱን ደፍቶ ቀና ሲል ደረስኩ። አንዱ የዘሩን ቅርፊት ከነጭራው አናቱ ላይ ተሸክሞት ነው የወጣው። ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ውስጡ ተጣብቀዋል። እንደዚህ ሲሆን መላጥ አያስፈልግም። በእርጥብ ጣት ነካ ነካ ሲያደርጉት ይለሰልሳል፣ ራሱ ይጥለዋል። ግንዱ ቀላ ያለ ነው። ይህ የማሪጎልድ ጠባይ ነው፤ በሽታ አይደለም።

እንግዲህ ያልኩት ይሄ ነው፦ ወጥ ቤት ጨለማ ውስጥ የበቀለ ማሪጎልድ አንድ ቀን ቢያድር ይመዘዛል። የተመዘዘ ደግሞ መልሶ አያጥርም። ስለዚህ የመጀመሪያው አናት ብቅ ባለበት ቀን ገበታው ቦታ ይቀይራል። የቀሩት ዘሮች እስኪወጡ አይጠበቅም።

ማሪጎልዱን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። አንዱ ገበታ ሳሎኑ መደርደሪያ ላይ፤ የከተማው ሰው እንደሚያስቀምጠው። ሁለተኛው መብራቱ ሥር፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከማለዳው 11 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት። ሦስተኛው ቀን ቀን ውጭ፣ የደቡብ ግድግዳ ሥር ነፋስ የማይመታው ቦታ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤት። ሦስቱም አፈሩም ዘሩም ያው ነው።

እማማ ሦስተኛውን አይተው "ይሄን ጠልተኸዋል ማለት ነው?" አሉኝ።

ታኅሣሥ 13

ፔቱኒያው መብቀል ጀምሯል። አጎንብሶ ካላዩት አይታይም፤ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች ብቻ። ፕላስቲኩን ከፈት አደረግኩት። ነገ ጨርሶ ይነሳል።

ታኅሣሥ 20

ሦስቱን ገበታዎች ጠረጴዛ ላይ አሰለፍኳቸው።

የመደርደሪያው ረጅሙ ነው። ማንም ቢያይ መጀመሪያ "ይሄ አድጓል" ይላል። እማማም ያሉት ይህንኑ ነው። ግንዱ ከመሀል ጣቴ ይረዝማል፤ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ሁሉም ወደ መስኮቱ የተጋደመ። ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ትንንሽና ገርጣ ያሉ ናቸው። እውነተኛው ቅጠል፣ ያ የተሰነጣጠቀው የማሪጎልድ ቅጠል፣ ገና አልወጣም። እፍ ስል ሁሉም ተወዛወዘ።

የመብራቱ አጭር ነው። ቀጥ ብሏል። እውነተኛ ቅጠሎቹ ጥንድ ሆነው ወጥተዋል። አረንጓዴው ጥሩ ነው።

የውጩ ከሁሉም አጭር ነው። ከመብራቱም ያነሰ። ግን ግንዱ ወፍራም፣ ሥሩ ላይ ቀይ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ። በጣቴ ገፋ ሳደርገው መለሰልኝ። እድገቱ ዘገምተኛ ነው፤ እውነተኛው ቅጠል ገና ብቅ እያለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ያነሰው ችግኝ ከበላዩ ጥላ ያለ ይመስለዋል። ሣር ወይ ሌላ ተክል ጋርዶኝ ይሆናል ብሎ፣ ያለውን ስንቅ ሁሉ ግንድ ላይ ያፈሰዋል፤ ጥላውን አልፎ ፀሐይ ሊያገኝ። ሜዳ ላይ ቢሆን ይህ ብልሃት ነው። ሳሎን ውስጥ ግን የሚያልፈው ጥላ የለም፤ ጣሪያ ነው ያለው። መጋደሙም ከዚሁ ነው። እድገት የሚያዘው ንጥረ ነገር ጥላ ባለበት ጎን ይበዛል። ያ ጎን ከሌላው ይበልጥ ይረዝማል፤ ግንዱም ወደ ብርሃኑ ይታጠፋል። ገበታውን በየቀኑ ማዞር መጋደሙን ያቃናል፤ መመዘዙን ግን አያስቀረውም።

ብርዱስ? ሙቀት ላይ ብርሃን ማነስ ሲጨመር ነው መመዘዙ የሚብሰው። ሙቀቱ "እደግ" ይለዋል፣ ብርሃኑ የለም። ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ግንዱን ይገታዋል። ስለዚህ ውርጭ እስካልነካው ድረስ የደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ ችግኝን የሚያጠነክር ነው። የከሰል ምድጃ አጠገብ ችግኝ የሚያስጠጉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አርቁት።

ሌላም አለ። ውጭ ያለው በነፋስ ይነካካል። ግንድ ሲነካካ አጥሮ ይወፍራል። ስለዚህ የመብራቱን ችግኞች በቀን ጥቂት ጊዜ በመዳፌ አናታቸውን ዳበስ ዳበስ ማድረግ ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ አይታኝ ምንም አላለችም።

የመደርደሪያውን ገበታ አልጣልኩትም። ማሪጎልድ ከግንዱ ላይ ሥር ስለሚያወጣ፣ ሲዛወር እስከ መጀመሪያ ቅጠሎቹ ድረስ አፈር ውስጥ ጠልቆ ሊተከል ይችላል። ፔቱኒያ ላይ ይህን አትሞክሩት፤ ይበሰብሳል።

ከዛሬ ጀምሮ ማሪጎልድና ዚኒያ በሙሉ በሦስተኛው መንገድ ነው የሚያድጉት። ጠዋት ውርጩ ሲለቅ ይወጣሉ፣ አመሻሽ ላይ ይገባሉ፤ እንደ ጥጃ። መብራቱ ለፔቱኒያው ብቻ ይቀራል፤ እሱ ገና ነፋስ አይችልም። መብራትን የግድ የሚያደርገው ምክር የወጣው ክረምታቸው ስምንት ሰዓት ቀን ብቻ ካለበት አገር ነው። እኛ በታኅሣሥም ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የማያንስ፣ ያውም ደመና የሌለው ቀን አለን። የሚያስፈልገን ሌሊቱን መሸሽ ነው።

የገና ማግሥት

መብራት ሄደ። ከገና ዋዜማ ጀምሮ። ፔቱኒያውን የደቡቡ መስኮት ደፍ ላይ አወጣሁት፤ ከጀርባው በፎይል የተሸፈነ ካርቶን አቆምኩ። ፎይሉ መስኮቱ የሚያስገባውን ብርሃን መልሶ ይወረውርለታል፤ በጥላው በኩል ያለው ቁጥር እጥፍ ገደማ ሆነ። ማታ ደፉ ላይ ማሳደር አይሆንም። መስታወቱ አጠገብ ያለው አየር ከክፍሉ ይልቅ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ከመጋረጃው ውጭ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ዛሬ ከሰዓት መብራት መጣ። ምንም አልሆኑም።

ጥር 5

የፔቱኒያው ገበታ አንድ ጥግ ተኛ። ትናንት ደህና የነበረ ችግኝ ዛሬ ወድቋል። ጠጋ ብዬ በስልኩ መብራት አየሁት። ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ብቻ ጠቁሮ፣ ተጨማዶ፣ ፀጉር አክሏል። ቅጠሉ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ይህ የሻጋታ ሥራ ነው፤ አፈር ሲረጥብ፣ ሲቀዘቅዝና አየር ሳይንቀሳቀስ ይመጣል። ለካ የእማማ የልጅ ልጅ እኔን ሊረዳ ብሎ ማታ ማታ ከላይ ሲያጠጣልኝ ሰንብቷል። አመሰገንኩት። ማጠጫ ጣሳውን ግን ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጥኩት።

የወደቁትን፣ ዙሪያቸው ካለው ጤነኛ ከሚመስለው አፈር ጭምር፣ በማንኪያ አንስቼ ጣልኩ። ላዩን ደረቅ አሸዋ ነሰነስኩበት። ከእንግዲህ ውሃ ከታች ብቻ ነው። ገበታው ሰፌድ ያህል ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፣ በቀዳዳዎቹ ይጠጣል፣ ላዩ ሲወዛ ይወጣል። ውሃውም ከቧንቧ ቀጥታ አይሆንም፤ ጠዋት የኛ ቧንቧ ውሃ ጥርስ ያንገጫግጫል። ቤት ውስጥ ያደረ ይሻላል።

የጥምቀት ማግሥት

ዝውውር። ማሪጎልዶቹ ወደ ድልህ ቆርቆሮና ወደ ግማሽ ሃይላንድ ገቡ። ችግኝ ሲያዝ በቅጠሉ ነው እንጂ በግንዱ አይደለም። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይወጣል፤ ግንድ ከተጨፈለቀ ግን አበቃ። ፔቱኒያዎቹም ከጠባብ ገበታቸው ተነስተው ለየብቻ ሆኑ። ሰንሰለቱን ሁለት ቀለበት ከፍ አድርጌ መብራቱን ከአናታቸው አሥር ሴንቲ ሜትር ላይ መለስኩት። ይህች ሰንሰለት ከሁሉም ዕቃ ይልቅ ጠቅማኛለች። ችግኙ ሲያድግ መብራቱ አብሮ ካልወጣ ቅጠሉ መብራቱን ይነካል፤ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ ችግኙ ይመዘዛል።

ጥር መጨረሻ

ዛሬ አንድ ነገር ለየሁ። ማሪጎልዱም ዚኒያውም ከእንግዲህ መብራቱ ባለበት ክፍል እንዲያመሹ አልፈልግም። ማታ ሲገቡ ጨለማ ክፍል ነው የሚያድሩት።

ረጅሙ ማሪጎልድ ለማበብ አጭር ቀን፣ ማለትም ረጅም ሌሊት ይወዳል። በቀን 16 ሰዓት ብርሃን ከሰጡት ቅጠልና ግንድ ማብዛት ይቀጥላል፣ አበባውን ያዘገያል። ዚኒያም ወደዚያው ያዘነብላል። የኛ አገር አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀን ይስማማቸዋል። ፔቱኒያ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ረጅም ቀን ሲያገኝ ቶሎ ያብባል። በኛ አሥራ ሁለት ሰዓትም ያብባል፣ ግን ይቆያል። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስቱንም ማሳደር አይሆንም። ፔቱኒያው ማታ ብርሃን ሲጠጣ ማሪጎልዱ ሊተኛ ይገባል። በትልልቅ የአበባ እርሻዎች ክሪሳንተመም ሳይረዝም እንዳያብብ ሌሊት መብራት የሚበራለት በዚሁ ምክንያት ነው። ማሪጎልዱን ዕቃ ቤት አስገባሁት። ዕቃ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ውርጭ ግን አይገባውም።

ፔቱኒያው አንድ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጫፉን ቀነጠብኩት። ያሳዝናል፤ ግን ካልተቀነጠበ አንድ ግንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሲቀነጠብ ከየቅጠሉ ብብት ቅርንጫፍ ያወጣል።

የካቲት 8

ፔቱኒያውን ከውጭ ጋር ማለማመድ። መብራት ሥር 9,000 ለምዶ ያደገን ቅጠል በአንዴ 100,000 ላይ ማውጣት ግፍ ነው። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ፀሐይዋ ደግሞ ትጠብሳለች። ያልተለማመደ ቅጠል ነጭ ሆኖ ይደርቃል። መጀመሪያ አጥሩ ጥላ ሥር ጥቂት ሰዓት፤ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ፤ ከዚያ እኩለ ቀን ባረጀ ነጠላ ተጋርዶ። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። የውጩ ማሪጎልድ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ከተወለደ ጀምሮ እዚያው ነው። ይህም ለሦስተኛው መንገድ ሌላ ነጥብ ነው።

ነፋሱ አፈሩን ቶሎ ያደርቃል። ሃይላንድ ውስጥ ያሉት በቀን ሁለቴ ጠጡ።

የካቲት 16

ማሪጎልዱ መሬት ገባ፤ ከበሩ ግራና ቀኝ። ሁለት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስላለብኝ ምሽት ላይ ማዳበሪያ ከረጢት አልብሼው አደርኩ። ከረጢቱ ቅጠሉን እንዳይነካ አራት እንጨት ተክዬለታለሁ። ቅጠል የነካው ጨርቅ ውርጩን ያሳልፈዋል።

ቀድሞ መደርደሪያ ላይ የተመዘዘውም አለ፤ ጠልቆ ተተክሎ ከሌሎቹ ጋር እኩል ቆሟል። ግን አበባ ላይ ኋላ ቀርቷል። የውጩ እምቡጥ ይዟል።

ስለ ዚኒያ ሐቁን ልናገር። ለዚህ ከተማ አይሆንም። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ይቆማል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ አያድግም፣ አይሞትም። የአጎቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት ነው ያለው። ከዚሁ ፓኬት ዘር ሰጥቼው ነበር። ጣርማ በርን ወርዶ ቆላ ላይ በቀጥታ መሬት ላይ ዘራው፤ መብራት የለ፣ ገበታ የለ። ፎቶ ላከልኝ፤ ጉልበት ደርሷል። የኔዎቹ ገና ስንዝር ናቸው። መሬቱ እስኪሞቅ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ይጠብቁ። በሚቀጥለው ዓመት ዚኒያ አልዘራም፤ ቦታውን ለፔቱኒያ እሰጣለሁ።

መጋቢት 4

የመጀመሪያው ፔቱኒያ አበበ። ወይን ጠጅ ነው። ሌሎቹም እምቡጥ ላይ ናቸው፤ ለፋሲካ ይደርሳሉ። የበልጉ ዝናብ አልፎ አልፎ ካፊያ ጀምሯል። የፔቱኒያ አበባ ዝናብ ሲመታው ስለሚላሽቅ፣ ቆርቆሮዎቹን ከበሩ ክፈፍ ሥር ደረደርኳቸው።

እማማ ወደ ማታ መጥተው መብራቱን አዩ። "አሁን ጨረሰ አይደል?" አሉ። የቃሪያ ዘር አላቸው፤ ልጃቸው ያመጣላቸው። ቃሪያ ለመብቀል ከአበባው የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ እሱም በማቀዝቀዣው አናት ይጀምራል። የመብራቱን ግማሽ ለቀቅኩላቸው።

በቀረው ግማሽ ከዛሬ ጀምሮ ቁራጭ ሥር አሰድዳለሁ። ከፔቱኒያው ያላበበ ቅርንጫፍ፣ የጣት ርዝመት ያህል፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ተነስተው፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ። ቁራጭ ገና ሥር ስለሌለው እንደ ችግኝ ብርሃን አይበላም፤ ቅርብ ከሆነበት ይጠወልጋል። መብራቱን ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቀልኩት። ላዩን በፕላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሳብ ሳብ አድርጌ እሞክራለሁ፤ ከያዘ ሥር አውጥቷል ማለት ነው።